የመጀመሪያውን የቤት ዋይፋይ ስታስገቡ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ራውተር የሚሸጥበት ሱቅ ትንሽ የቆመ ሰው የገዢው ሁሉ ጥያቄ አንድ መሆኑን ያያል፦ «ጠንካራው የቱ ነው?» ሻጩም አያመነታም። ትልቁን ካርቶን ያወርዳል። ካርቶኑ ግን ስለ ቤታችሁ ምንም አያውቅም። ግድግዳችሁ ብሎኬት ይሁን ጭቃ፣ የገባላችሁ መስመር ፋይበር ይሁን የስልክ ሽቦ፣ ሰፈራችሁ መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ አልተጻፈበትም። ብር የሚባክነው እዚህ ጋ ነው። ስህተቶቹን፣ ሰው ሱቅ ውስጥ ከሚላቸው ነገሮች እየተነሳሁ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«መጀመሪያ ዕቃውን ልግዛ፣ መስመሩ ይደርሳል»

ተገላቢጦሽ ነው። ዕቃውን የሚመርጠው መስመሩ ነው።

የገባላችሁ የድሮው የመዳብ ስልክ ሽቦ ከሆነ ኤዲኤስኤል ሞደም፣ ማለትም በስልክ ሽቦ የሚመጣውን ኢንተርኔት የሚቀበል ሳጥን፣ ያስፈልጋችኋል። ተራ ራውተር አይሆንም። ጀርባው ላይ ያለው «ዋን» የሚባለው ቀዳዳ የኔትወርክ ኬብል መቀበያ ነው። ቀጭኗ የስልክ ገመድ ላላ ብላ ልትገባበት ትችላለች፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሰክቶ «ተበላሸ» ብሎ ይመልሰዋል። አልተበላሸም፣ የሱ ሥራ አይደለም።

ፋይበር ከሆነ ደግሞ መስመሩን የሚዘረጉት ሰዎች ኦኤንቲ የሚባል፣ ፋይበሩን የሚቀበል ትንሽ ሳጥን ይተክሉላችኋል። አብዛኞቹ ሳጥኖች የራሳቸው ዋይፋይ አላቸው። ቤታችሁ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ከሆነ መጀመሪያ በሱ ብቻ ተጠቀሙና እዩት። ምናልባት ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

መስመር የማይደርስበት ሰፈር ያላችሁ በሲም የሚሠራ ራውተር ትገዛላችሁ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫው ሁለት ሆኗል። ራውተሩን ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ሲም ስልካችሁ ላይ አድርጋችሁ ራውተሩን የምታስቀምጡበት መስኮት ጋ ሞክሩ። ጠዋት ሳይሆን ማታ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ። ጎረቤት ጋ የሚሠራው እናንተ ጋ ላይሠራ ይችላል።

«አንቴናው የበዛውን ስጠኝ»

«ይሄኛው ስምንት አንቴና አለው ወንድሜ፣ ግድግዳ ይበሳል።»

ግድግዳ የሚበሳ ራውተር የለም። ዋይፋይ የሁለት ወገን ንግግር ነው። ራውተሩ ወደ ስልካችሁ ይልካል፣ ስልካችሁም መልሶ ወደ ራውተሩ መላክ አለበት። ስልክ ውስጥ ያለችው አንቴና ግን ትንሽ ናት፤ ባትሪ እንዳይጨርስም ስልኩ በትንሽ ጉልበት ነው የሚልከው። ጓዳ ውስጥ ሆናችሁ ምልክቱ ሞልቶ እያያችሁት ገጹ አልከፈት የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የራውተሩ ድምፅ እናንተ ጋ ደርሷል፣ የእናንተ እሱ ጋ አልደረሰም። የሳሎኑን ራውተር በሌላ ባለ ብዙ አንቴና ብትቀይሩት ስልካችሁ ያው ስልክ ነው።

ከአንቴና ይልቅ «5 ጊጋኸርዝ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋይፋይ በብዛት የሚጓዘው በሁለት የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። በተለይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹት ቻናሎች (የሞገዱ መተላለፊያዎች) ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ስልካችሁን አውጡና ስንት የጎረቤት ዋይፋይ እንደሚያሳያችሁ ቁጠሩ። አብዛኛው እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው የሚጋፋው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ነው፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ስለዚህ ሁለቱም ያለውን ግዙ፤ ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ 5 ላይ፣ ራቅ ያለው ክፍል 2.4 ላይ ይሁን። 2.4ን ጨርሳችሁ አታጥፉት፤ ርካሽ የደህንነት ካሜራዎች አብዛኞቹ ከሱ ሌላ አያውቁም።

«1200 ይላል እኮ!»

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 1200፣ በሜጋ ቢት የሚለካ የዋይፋይ ፍጥነት ድምር ነው። 300 ለ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 867 ለ5 ጊጋኸርዝ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 1200። የምትከፍሉት ለ10 ሜጋ ከሆነ ራውተሩ 1200 ቢልም 3000 ቢልም ኢንተርኔታችሁ 10 ሜጋ ነው። እሱም ሜጋ ቢት ነው። ለስምንት ስታካፍሉት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ይመጣል፤ አንድ ጊጋባይት ፊልም ለማውረድ መስመሩ ሙሉ ፍጥነት ሰጥቶም 13 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ካርቶኑ ላይ በደቃቁ የሚጻፈው የኬብል ቀዳዳው ፍጥነት ግን መታየት አለበት። ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ50 እና ሲ6 ሁለቱም 1200 ይላሉ። የሲ50 የኬብል ቀዳዳ ከ100 ሜጋ አያልፍም፣ የሲ6 እስከ 1000 ይሄዳል። ጥቅላችሁ ከ100 በታች ከሆነ ሲ50 ይበቃችኋል፤ የተረፈው ብር ኬብል ይግዛበት። ዋይፋይ 6 የሚባለው ቀጣዩ የዋይፋይ ትውልድ ጥሩ ነው፣ ግን ጥቅሙ የሚታየው ቤቱ ውስጥ ዕቃው ሲበዛና ስልኮቹም ዋይፋይ 6 ሲኖራቸው ነው።

«እህቴ ከአሜሪካ ትልክልኛለች»

እህት ትባረክ፣ ግን ሦስት ነገር ትጠየቅ። አንደኛ፣ እዚያ ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ሳጥን በቴሌቪዥን ኬብል የሚሠራ ሞደም ነው። እኛ ቤት የሚገባው የስልክ ሽቦ ወይም ፋይበር ስለሆነ ሞደምነቱ እዚህ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ በሲም የሚሠራ ከሆነ ለአንድ ድርጅት የተቆለፈ እንዳይሆን። ሦስተኛ፣ አዳፕተሩ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን ታንብብላችሁ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ሰላም ነው። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል።

«ጥግ ላይ ይሁን፣ እንዳይታይ»

ፋይበር ሊዘረጉ ሲመጡ ሳጥኑን የሚተክሉት ለነሱ በሚቀርበው ቦታ ነው፣ ብዙ ጊዜ በሩ ጥግ። ቤቱ መሀል እንዲደርስ ያኔውኑ ለምኑ። በኋላ ማንቀሳቀስ ጣጣ አለው። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ አናት፣ ከብረት ቁምሳጥን ውስጥም አውጡት።

«ለሰርቪስ ቤቱ ሪፒተር ይበቃል»

ይህቺ ብዙ ብር የበላች ዓረፍተ ነገር ናት። ዋናው ቤት ፊት ለፊት፣ ሰርቪስ ቤቱ ግቢው ጫፍ፣ መሀል ላይ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና የላሜራ በር። ምልክቱ እዚያ ሲደርስ ሞቷል። ሰርቪሱ የቆርቆሮ ግድግዳ ከሆነማ ብረት ስለሆነ ያንጸባርቀዋል እንጂ አያስገባውም።

ተራ ሪፒተር የሰማውን መልሶ የሚናገር ወሬኛ ነው። እየሰማ አያወራም፣ እያወራ አይሰማም። በዚህ የተነሳ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ደግሞ ሰው የሚሰካው ምልክት በሌለበት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው፤ እሱ ራሱ ያልሰማውን ምን ብሎ ያስተላልፍ?

መፍትሔው ኬብል ነው። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚባል የኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ እስከ ሰርቪስ ቤት ዘርጉና ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ከኬብሉ ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሳጥን፣ አድርጉ። እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱ አይወርድም። አክሰስ ፖይንት መግዛትም ላያስፈልግ ይችላል፤ ብዙ ርካሽ ራውተሮች ሴቲንጋቸው ውስጥ ወደ አክሰስ ፖይንት የሚቀይር ምርጫ አላቸው። ስሙንና ፓስወርዱን ከዋናው ጋር አንድ ካደረጋችሁት ስልካችሁ ሁለቱንም በአንድ ስም ያውቃቸዋል። ሜሽ የሚባሉት፣ እየተቀባበሉ አንድ ዋይፋይ የሚያሰራጩት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ሳጥኖችም ቢሆኑ በኬብል ሲገናኙ ነው የሚያምርባቸው።

ኬብሉን ስትገዙ አንድ ሽቦ ልጡና በምላጭ ፋቁት። እስከ ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ሲፋቅ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ርቀት ሲሄድ ይደክማል። ሜትሩ ረከስ ያለበት ምክንያትም ያ ነው። ከቤት ውጭ የሚያልፈውን ክፍል ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው በቱቦ አስገቡት። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲያይል ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት።

«መብራት ቢጠፋም ለራውተሩ ዩፒኤስ ገዝቻለሁ»

ለፋይበሩ ሳጥንስ? ብዙ ቤት ራውተሩ በባትሪ በርቶ ኢንተርኔት የሚጠፋው ኦኤንቲው ተረስቶ ነው። ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ። ሁለቱን በባትሪ ካያዛችኋቸው ግን ፋይበር ደስ የሚል ጠባይ አለው፤ ከማዕከሉ እስከ ቤታችሁ መሀል ያለው ማከፋፈያ መብራት አይፈልግም። ሰፈሩ ጨልሞም ሊሠራ ይችላል።

ለራውተር የሚሸጡትን ትንንሽ ዩፒኤሶች ስትገዙ የሁለቱንም ሳጥን አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንድ ትንንሽ ራውተሮች 9 ቮልት ናቸው፣ ኦኤንቲው አብዛኛውን ጊዜ 12 ነው። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም በለጥ ያለ። የመሰኪያውን ውፍረትም እዚያው ሰክታችሁ አረጋግጡ።

«ስምንት ሰዓት ይቆያል» ሲሏችሁ ራሳችሁ አስሉት። 10000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው 10 አምፔር ሰዓት ነው፤ በባትሪው 3.7 ቮልት ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ነው። ራውተሩና ኦኤንቲው አብረው 15 ዋት ቢበሉ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው።

«ፓስወርዱን በኋላ እቀይረዋለሁ»

ያኔውኑ ቀይሩት። የዋይፋዩን ብቻ ሳይሆን የራውተሩን ሴቲንግ የሚከፍተውንም። ደህንነት የሚለውን፣ ማለትም የዋይፋዩን መቆለፊያ ዓይነት፣ ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 ላይ አድርጉ፤ በአዝራር ወይም በአጭር ቁጥር ያለ ፓስወርድ የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስን አጥፉ። ያገለገለ ራውተር ከገዛችሁ መጀመሪያ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ መልሱት፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን አድሱ። ለእንግዳ የተለየ ኔትወርክ ክፈቱና ፓስወርዱን ሳሎን ለጥፉት። ዋናውን ለልጆቹ አትንገሯቸው፤ ስልካቸው ላይ ራሳችሁ አስገቡላቸው። ያም ሆኖ ከስልካቸው በኪውአር ኮድ ለሰፈር ጓደኛ ሊያድሉት ስለሚችሉ፣ ኢንተርኔቱ በድንገት ከተንቀራፈፈ መጀመሪያ የምታዩት ራውተሩ ላይ የተገናኙትን ስልኮች ዝርዝር ይሁን።