ለአሮጌ ሰርቨር ስርዓተ ክወና እንዴት ይመረጣል?

ከመሥሪያ ቤት አገልግሎት የወጣ ሰርቨር አግኝቶ ለራሱ ሙከራና ለትርፍ ጊዜ ሥራ ሊያውለው የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው «የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ምርጫውን በዋናነት የሚወስኑት ግን የማሽኑ ሦስት ክፍሎች ናቸው፦ ፕሮሰሰሩ፣ ሃርድ ዲስኮቹ የተገናኙበት የሬይድ ካርድ (ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ የሚያቀርብ መቆጣጠሪያ) እና የኔትወርክ ካርዱ። የእነዚህ ማንነት በትክክል ከታወቀ አማራጮቹ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ይወርዳሉ፤ የግል ፍላጎት ቦታ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ ሰርቨሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ባለ 64 ቢት ናቸው። ማሽኑ 32 ቢት ብቻ ከሆነ ምርጫው ይጠባል፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች መጫኛም ሆነ ከርነል (የስርዓቱን እምብርት) አያቀርብም፣ ከሊኑክስ ቤተሰብ ውጭ የሆነው ፍሪቢኤስዲም ከ15ኛው እትሙ ጀምሮ ይህንኑ አድርጓል። አልፓይን ሊኑክስ፣ ኦፕንቢኤስዲ እና ኔትቢኤስዲ አሁንም ይደግፉታል። በእኔ አስተያየት ግን እንዲህ ያለው ማሽን ለሚፈጀው ኤሌክትሪክ የሚመጥን ሥራ ስለማይሠራ፣ ለማስታወሻነት ካልተፈለገ በቀር ባይለፋበት ይሻላል።

ዛሬ 64 ቢት መሆንም ብቻውን አይበቃም። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9፣ እንዲሁም እሱን ተከትለው የሚዘጋጁት አልማሊኑክስ 9 እና ሮኪ ሊኑክስ 9፣ ቪ2 የሚባለውን የፕሮሰሰር ደረጃ (ፕሮሰሰሩ ሊፈጽማቸው የሚገቡ ትዕዛዞች ስብስብ) ይጠይቃሉ፤ 10ኛው የሬድ ሃት እትም ደግሞ ወደ ቪ3 ከፍ ብሏል። ይህን ለማረጋገጥ ማሽኑን ሳይጫን ከፍላሽ ዲስክ በሚሠራ ላይቭ ሊኑክስ አስነሥተው፣ የፕሮሰሰሩን መረጃ በሚያሳየው «ኤልኤስሲፒዩ» (lscpu) በተባለው ትዕዛዝ ከሚወጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ «ፍላግስ» (Flags) የሚለውን ክፍል ያንብቡ። እዚያ ኤስኤስኢ4_2 ከሌለ ማሽኑ ቪ2 ላይ አልደረሰም፤ ኤቪኤክስ2 ከሌለ ደግሞ ቪ3 ላይ አልደረሰም ማለት ነው። በተግባር ሲታይ ኢንቴል ዚዮን 5400 እና ኤኤምዲ ኦፕተሮን 6100 ከቪ2 በታች ይቀራሉ፤ ዚዮን 5500 ቪ2ን ያሟላል። ዚዮን ኢ5 ቪ2 በስሙ የያዘው ቁጥር የትውልዱ መለያ እንጂ የዚህ ደረጃ አይደለም፤ ቪ3 ደረጃን የሚያሟላው ቀጣዩ ትውልድ፣ ማለትም ዚዮን ኢ5 ቪ3 ነው። የአልማሊኑክስ አዘጋጆች ለ10ኛው እትም ቪ2ን የሚቀበል የተለየ ቅጂ ማዘጋጀታቸው ለአሮጌ ማሽን ባለቤቶች ትልቅ እፎይታ ነው። ዴቢያን ግን ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱንም ስለማይጠይቅ በማንኛውም ባለ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ ይሠራል።

ብዙ ጊዜ የሚያባክነው የሬይድ ካርዱ ነው። መጫኛው በሰላም ተነሥቶ፣ ቋንቋውና የሰዓት ክልሉ ተመርጦ፣ ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ሲደረስ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ዲስኮቹ ጤናማ ናቸው፤ ካርዱም አልተበላሸም። ሬድ ሃት በ8ኛው እትሙ ላይ ለብዙ የቆዩ የዲስክ መቆጣጠሪያዎች ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ ከድራይቨሮቹ (ስርዓቱን ከካርዶቹ ጋር ከሚያገናኙት ፕሮግራሞች) ውስጥ አውጥቷል፤ በአሮጌ ሰርቨሮች ውስጥ በብዛት የሚገኘው የኤልኤስአይ ኤስኤኤስ2008 ቺፕ ከእነዚህ አንዱ ነው። አልማሊኑክስ ከ9.4 እትም ጀምሮ አብዛኞቹን መልሷቸዋል፤ ዴቢያን ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑ ችግሩ የለም። ስለዚህ የሬድ ሃትን ቤተሰብ የሚመርጥ ሰው «ኤልኤስፒሲአይ» (lspci) በተባለው ትዕዛዝ የካርዱን መለያ ቁጥር አውጥቶ ከድጋፍ ዝርዝሩ ጋር ሳያመሳክር ዲስኩን ማጽዳት የለበትም።

ዜድኤፍኤስን (ዲስኮችን ራሱ የሚያጣምርና የሚያስተዳድር የፋይል ስርዓት) ለመጠቀም ያሰበ ሰው ደግሞ የሬይድ ካርዱ ዲስኮቹን አንድ ላይ አጣምሮ ሳይሆን እያንዳንዳቸውን በቀጥታ እንዲያቀርብ ማድረግ ይኖርበታል፤ ካርዱ ይህን የማይችል ከሆነ በሌላ መተካት ወይም ዜድኤፍኤስን መተው ነው። ለዜድኤፍኤስ ፍሪቢኤስዲ ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ይመስለኛል፤ ከስርዓቱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለየብቻ የሚጫንና የሚገጣጠም ነገር የለውም። በዴቢያን ላይ ግን ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር ከእሱ ጋር የሚያያዘው የዜድኤፍኤስ ሞጁል እዚያው ማሽኑ ላይ እንደገና ይገነባል፤ ይህም በአዝጋሚ ፕሮሰሰር ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኡቡንቱ ሞጁሉን ተገንብቶ ያለቀ አድርጎ ያቀርባል።

የኔትወርክ ካርዱ ጉዳይ ቀሏል። በዚያ ዘመን ሰርቨሮች ላይ የተለመዱት አንዳንድ የብሮድኮም ካርዶች ያለ ፈርምዌር ፋይል (በካርዱ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) አይሠሩም፤ ቀድሞ ፋይሉን በፍላሽ ለብቻ ማቅረብ ያስፈልግ ነበር፤ ከዴቢያን 12 ወዲህ ግን መጫኛው ይዞት ይመጣል።

የድጋፍ ዘመኑንም መመልከት ያስፈልጋል። የሬድ ሃት ነፃ ቅጂ የነበረው ሴንትኦኤስ 7 እ.ኤ.አ. በጁን 2024 አብቅቶለታል፤ ማሽኑ ቀድሞ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ብቻ መልሶ መጫን የደህንነት ማሻሻያ የማይደርሰውን ሰርቨር ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ነው። አልማሊኑክስ 9 እስከ 2032 የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ እትሞች ለ5 ዓመት ይዘልቃሉ፤ ዴቢያንም የተጨማሪ ጊዜ ድጋፉ ሲታከልበት ወደ 5 ዓመት ይደርሳል። ዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃድ መግዛትን ስለሚጠይቅና የ2025 እትሙ ኤስኤስኢ4.2 በሌላቸው ፕሮሰሰሮች ላይ ስለማይነሣ፣ ሙያውን ለመማር ካልታሰበ በቀር አላነሣውም።

እንግዲህ የተለየ ምክንያት የሌለው ሰው 64 ቢት ዴቢያንን፣ ዴስክቶፕ ሳይጨምር፣ ይጫን። ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ተለየ ኮምፒውተር የሚሠሩ) ለማስኬድ የሚፈልግና በቂ ራም ያለው በዴቢያን ላይ የተመሠረተውን ፕሮክስሞክስን ይውሰድ፤ ከዚያ በፊት ግን የፕሮሰሰሩ የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ በባይዮስ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ በሚሠራው የማስነሻ ፕሮግራም) ውስጥ መብራቱን ያረጋግጥ፤ ጠፍቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነውና። በሥራ ቦታው ሬድ ሃትን የሚጠቀም ወይም ሊማረው የሚፈልግ አልማሊኑክስን ይምረጥ።

ሲጫንም ስርዓተ ክወናውን ከመረጃ ማከማቻዎቹ ለይቶ በአንዲት ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ማስቀመጥ ይመረጣል። አሮጌ ባይዮስ ኤምቢአር በተባለው የተለመደ የዲስክ አከፋፈል ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን የዲስክ ክፍል ሊጠቀምበት አይችልም፤ አንዳንድ የቆዩ የሬይድ ካርዶችም ከዚያ የሚበልጥ ዲስክን በሙሉ መጠኑ አያዩትም። ተከላው ካለቀ በኋላ ሞኒተሩንና ኪቦርዱን ነቅለው ማሽኑን አጥፍተው ያብሩት። ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ መግባት ካልተቻለ ባይዮሱ ኪቦርድ ሲያጣ እንዳይቆም የሚያዘውን ምርጫ ፈልገው ያስተካክሉና ሙከራውን ይድገሙት።