ቅጠል ሲገረጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ዙሪያም ሆነ ፎገራ ሜዳ ላይ በቆሎው ወይም ሽንኩርቱ ቢጫ ሲል መልሱ ያው ነው፤ «ዩሪያ አንሶታል»። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችኮላ ነው።

ትልቁ ስህተት የትኛው ቅጠል እንደገረጣ አለማየት ነው። ናይትሮጅን ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ይሰጣል። ስለዚህ ቢጫው ከታች ይጀምራል። ሰልፈር ግን እንደዚያ በቀላሉ ከቦታ ቦታ አይሄድም፤ እጥረቱ ቀድሞ የሚታየው ለጋው ላይ ነው። እስቲ ጎንበስ በሉና አንድ የበቆሎ እግር እዩ። የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ተነስቶ በመሐል ጅማቱ በኩል ወደ ግንዱ እየገረጣ ከሄደ ናይትሮጅን ነው። የታችኛው አረንጓዴ ሆኖ እምብርቱ ከገረጣ ሰልፈርን ጠርጥሩ።

እዚህ ላይ ዩሪያ መድፋት ሌላው ስህተት ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ሰልፈር የለውም። ቅጠሉ ውስጥ ናይትሬት ሪዳክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ናይትሬትን፣ ማለትም ተክሉ ከአፈር የሚወስደውን የናይትሮጅን ዓይነት፣ ናይትራይት ያደርገዋል። ናይትራይት ሪዳክቴዝ ደግሞ ክሎሮፕላስት ውስጥ አሞኒየም ያደርገዋል፤ ከዚያ አሚኖ አሲድ ይሠራል። ሰልፈርም የራሱ ኢንዛይሞች አሉት። ከአፈር የመጣውን የሰልፈር ዓይነት፣ ሰልፌቱን፣ ሰልፋይድ ካደረጉት በኋላ ናይትሮጅን ካለበት ከሴሪን ከተገኘ ውህድ ጋር ተጣምሮ ሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሰልፈር ከጠፋ ሲስቴይን የለም፣ ፕሮቲኑም ይቆማል። ናይትሬቱ ቅጠሉ ውስጥ ይከማቻል። ዱቄት ሞልቶ እርሾ እንደጠፋበት ቤት ማለት ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 7 በመቶ ሰልፈር አለው፤ ግን ሰልፌት በዝናብ ይታጠባል። ሽንኩርት ደግሞ ሰልፈር ወዳድ ነው፤ የሚያስለቅሰን ሽታው ራሱ ከሰልፈር ነው።

አፈሩን መርሳትም አለ። ናይትሬት ሪዳክቴዝ ሞሊብደነም ከተባለው ንጥረ ነገር ውጭ አይሠራም። አሲዳማ አፈር ደግሞ ሞሊብደነሙን ይዞ ያስቀረዋል። እንዲህ ያለ ማሳ ላይ ከተጨማሪ ዩሪያ ኖራ ይሻላል።

ሩዝን እንደ በቆሎ ማየትስ? ውኃ የተኛበት ማሳ ኦክስጅን የለውም፤ ናይትሬት ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። ሩዝ በአብዛኛው የሚወስደው አሞኒየም ነው። ናይትሬት ያለበት ማዳበሪያ እዚያ መጨመር ብር መበተን ነው።

የመጨረሻው ይህን ኢንዛይም ለሚለኩ ተማሪዎች ነው፤ በእውነቱ በጣም ያናድደኛል። ቅጠል ቆርጦ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በቀትር ፀሐይ በባጃጅ ላብራቶሪ ማድረስ! ናይትሬት ሪዳክቴዝ በብርሃን ይነቃል፣ በጨለማ በደቂቃዎች ውስጥ ይደክማል። የጠዋት ናሙናን ከማታ ጋር ማወዳደር ከንቱ ልፋት ነው። ሰዓቱን መዝግቡ፣ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለውን ቅጠል ቁረጡ፣ ወዲያው አቀዝቅዙት።