ጠዋት የደበዘዘ፣ ቀትር ላይ የጠቆረ ስክሪን፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ማለዳ ውርጭ ላይ የነበረ የቀያሽ መሣሪያ፣ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ወይም ዲጂታል ሚዛን ጣርማ በርን ተሻግሮ ሲወርድ በዚያው ቀን ቆላ ይገባል። በዚህ መንገድ ላይ "ተበላሸ" ከሚባለው ብዙው ደህና ነው። ጉዳቱ የሚመጣው እኛ ስንቸኩል ነው።

ቁጥሩ ደብዝዞ እየተጎተተ ሲቀየር

የኤልሲዲ ስክሪን ፈሳሽ ክሪስታል ሲበርደው ይወፍራል። የቀድሞው ቁጥር ጥላ ሳይጠፋ አዲሱ ስለሚደረብበት 3 ይሁን 8 መለየት ያስቸግራል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ0 እስከ 40 ወይም 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። መኪና ውስጥ አታሳድሩት። ከሰል ምድጃ አጠገብም አታስጠጉት፤ አንድ ጎኑ ብቻ ፈጥኖ ሲሞቅ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቤት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይሙቅ።

ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ከጠፋ

ብርድ የባትሪውን ኬሚካላዊ ሂደት ያዘገየዋል። አውጥታችሁ ደረት ኪስ ውስጥ ብታሞቁት ይመለሳል። ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ የሊቲየም ባትሪ ግን በፍጹም ቻርጅ አይደረግም፦ ሊቲየሙ ውስጡ እንደ ብረት ይለጠፋል፣ ያ ጉዳት አይመለስም።

ቆላ ሲደርስ መስታወቱ ጤዛ ካወጣ

ከሁሉም የምፈራው ይሄንን ነው። የቆላው እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን መሣሪያ ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ከመስታወቱ ውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም፣ ሰርኪዩቱ ላይ። ያን ጊዜ ማብራት ሾርት ያስደርጋል። ዝገቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ የባትሪውን ክዳን ስትከፍቱ መዳብ ነክ የሆነው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ውሃው ከቆየ ሰንብቷል ማለት ነው።

ከመውረዳችሁ በፊት፣ ገና ደጋ ላይ ሳላችሁ፣ አጥፍታችሁ ወፍራም ፌስታል ውስጥ አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩት። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ከደረሳችሁ በኋላ እስኪሞቅ ሳትፈቱ ጠብቁ፤ ለትልቅ መሣሪያ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉት፣ እዚህ ይጠቅማል።

ስክሪኑ ከጠቆረ

ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ አግኝቶት ነው። ክሪስታሉ ከልክ በላይ ሲሞቅ አደራደሩን ያጣል። ጥላ ውስጥ አጥፍታችሁ አቆዩት፤ ውሃ አታፍስሱበት። ከቀዘቀዘ በኋላም ጥቁሩ ነጠብጣብ ካልለቀቀ ስክሪን መቀየር ነው።

ስክሪኑ ደህና፣ ንባቡ ግን ሲዋዥቅ

የብዙ መልቲሜትር ትክክለኛነት የሚለካው በ23 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሚዛንም ሙቀት ሲቀየር ዜሮው ይንሸራተታል። ባዶውን አብርታችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት፣ ዜሮ አድርጉ፣ ከዚያ ክብደቱን የምታውቁትን ነገር አስቀምጡበት። አሁንም ከሳተ ገበሬው እህሉን ከማራገፉ በፊት ወደ ጥገና ውሰዱት።