ሐዋሳ ላይ ሞተር ይረፍ

በሞተር በቡድን ስትጓዙ ሐዋሳን ቡና ብቻ ጠጥታችሁ አትለፏት። አንድ ሙሉ ቀን ስጧት። ማታ ስትገቡ ግቢና ዘበኛ ያለው ማረፊያ ፈልጉ፤ ሞተሮቹን ጎን ለጎን አቁማችሁ እርስ በርስ እሰሯቸው።

ጠዋት ቁልፍ አይነካ! በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ውረዱ። በጊዜ ነው ታዲያ፤ ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው የሚመጡት ጠዋት ነው። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በዳጣ እዘዙ፣ በእጃችሁ ብሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባችሁ ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ጓንታችሁን ጠረጴዛ ላይ እንዳትተዉ፤ የእኔን አንዱ ሊወስደው ለጥቂት ነው የተረፈው።

ከምሳ በኋላ የፈለገ ይተኛ። እኔ ሐይቁ ዳር በእግሬ መዞር ነው የምመርጠው። አመሻሽ ላይ ታቦር ተራራ ውጡ፤ ከተማውም ሐይቁም ከላይ ይታያል። ማታ ሰንሰለት ቀቡ፣ የጎማ ንፋስ እዩ። ቢራ ከዚያ በኋላ፣ እሱም በልክ።