ስም ፍለጋ "አልተገኘም" ሲል የነበረውን እንዴት እንደፈታሁት

ሁለት ቀን ሙሉ ያዞረኝን ነገር ዛሬ ፈታሁት፣ ሌላ ሰው እንዳይለፋበት ብዬ ነው የምፅፈው። ለአንድ ክሊኒክ በሰራሁት ሲስተም ላይ የካርድ ክፍሏ ልጅ የታካሚ ስም ስትፈልግ አልተገኘም ይላታል፣ ሰውየው ደግሞ ካርድ አለኝ እያለ መስኮቱ ጋ ቆሟል፣ ወረፋው ሲረዝምባት አዲስ ካርድ ታወጣለታለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሰው 3 ካርድ ኖሮት አገኘሁ፣ የመድኃኒት አለርጂው የተፃፈው ግን አንዱ ላይ ብቻ! እሱን ሳይ በጣም ደነገጥኩ።

መጀመሪያ ኢንዴክሱን (ዳታቤዙ ቶሎ የሚፈልግበትን ማውጫ) ጠረጠርኩ፣ ከዛ ኢንኮዲንጉን (ፊደላቱ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጡበትን መንገድ)፣ ሁለቱም ደህና። በኋላ የስሞቹን የመጀመሪያ ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር (ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚለይበትን ቁጥር) ሳወጣ ታየኝ፦ ኃይሉ 1283፣ ሃይሉ 1203፣ ሀይሉ 1200። ለኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለዳታቤዙ ሶስት የማይተዋወቁ ፊደላት።

ዋናውን ስም አልነካሁትም፣ ሰው ስሙን እንደፃፈው ነው መቀመጥ ያለበት። ጎኑ ላይ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ኮለም (አምድ) ጨመርኩ፣ እዛ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ወደ ሀ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ወደ አ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየራሉ፣ ሌሎቹም ቤቶች እንደዛው እስከ ሳብዕ። ልብ በሉ፣ ተጠቃሚው ሲፈልግ የሚፅፈውም ፊደሎቹን በሚቀይረው በዛው ፋንክሽን (የኮድ ክፍል) ማለፍ አለበት፣ እሱን ረስቼ ግማሽ ቀን በልቶብኛል።

ከሰዓት ልጅቷ "ሀይሉ" ብላ ስትፅፍ ሶስቱም ካርዶች ተደርድረው መጡ። "እንዴ፣ ሁሉም እዚሁ ነበሩ?" አለችኝ። አሁን አንድ ላይ እያዋሃድናቸው ነው፣ አለርጂ ካላቸው ታካሚዎች ጀምረን።