የቤት ሥራ ሰዓት እጁ ለማያርፍ ልጅ

ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መሰብሰብና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግርበት ሁኔታ) ያለበት ልጅ የቤት ሥራ ላይ ሲቀመጥ እጁ አያርፍም። እርሳስ ያኝካል፣ የደብተር ጠርዝ ይቀዳድዳል። “እጅህን ሰብስብ!” ማለት ብዙም አይረዳም። ይልቅ ለእጁ ሥራ ስጡት።

የሚጨመቅ፣ ድምፅ የሌለውና ሳያዩት የሚነካካ ነገር ምረጡ። መግዛት የግድ አይደለም። ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨውና አንድ ማንኪያ ዘይት ቀላቅሉ። አንድ ስኒ ገደማ ውሃ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ እሹት፤ እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ደርሷል። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። ስታነቡለት ወይም በቃል ስትጠይቁት ይጨምቀው።

ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ሰውነታቸው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ነቃ ብለው ያዳምጣሉ። ዓይን የሚፈልግ መጫወቻ ግን ትኩረታቸውን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ መብራት ያለውና የሚሽከረከረው ስፒነር ለእረፍት ይቆይ።

ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ለሚከት ልጅ ይህን ሊጥ አትስጡ፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል። ትልቁም ልጅ ቢሆን እያየ ቅርጽ መሥራት ከጀመረ ሊጡን ተቀብላችሁ ለስላሳ የስፖንጅ ቁራጭ ስጡት።