ድምፁን እንደ ስፒከር ከፊት የሚያመጣ ሄድፎን ሲለምዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አብዛኛው ሄድፎን ዘፋኙን ጭንቅላት መሀል፣ ክራሩንና ከበሮውን ደግሞ ግራና ቀኝ ጆሮ ላይ ያስቀምጣል። ሆን ተብለው ከዚህ ልማድ የወጡ ሞዴሎች አሉ። ኤኬጂ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ኬ1000 ጆሮን ጨርሶ አይነካም፤ ሁለቱ ክንፎቹ ጆሮ አጠገብ ተንጠልጥለው በማጠፊያ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ዜንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ኤችዲ 800 ድራይቨሩን (ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) ከጆሮ አርቆ፣ ከፊት በኩል አዘንብሎ ይዟል። ራአል ኤስአር1ኤ ደግሞ ሪባን የሚባለውን ስስ የብረት ጥብጣብ ከጆሮ ፊት ያቆማል። በዋጋ ዝቅ ያሉ፣ ድራይቨራቸው ሰያፍ የሆነ ክፍት (ጀርባቸው ያልተዘጋ) ሄድፎኖችም በከፊል ይህንኑ ይሞክራሉ።

ጅማ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሰው እጅ ነው የሚያስመጣው። ሱቅ ገብቶ ሞክሮ መመለስ የለም። ለዚህ ነው ጥሩ ሄድፎን «ቤዝ የለውም»፣ «ድምፁ ርቋል» ተብሎ በሳምንቱ ለሽያጭ ሲወጣ የሚያስቆጨው። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለ ነገር የለም፤ ድምፁ የለመዱት ቦታ ላይ አለመገኘቱ ነው። ቅደም ተከተሉን ከያዙ ነገሩ ይቀላል፤ መጀመሪያ አቀማመጥ፣ ቀጥሎ የድምፅ መጠን፣ ከዚያ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ጊዜ። ኢኩላይዘር፣ ማለትም ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከያው፣ የመጨረሻው ነው።

እንደማንኛውም ሄድፎን ራስ ላይ ጣል ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ብዙዎቹ ቅሬታዎችም ከዚሁ ይመነጫሉ። ከፊት የሚመጣ ድምፅ መጀመሪያ የሚያርፈው በውጪው ጆሮ እጥፋቶች ላይ ነው፤ አንጎል «ከፊት ነው» ብሎ የሚያውቀው እጥፋቶቹ ድምፁን በሚለውጡበት መንገድ ነው። ድራይቨሩ ወደ ኋላ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከተንሸራተተ ይህ ምልክት ይጠፋል። ስለዚህ ሄድፎኑን ካደረጉ በኋላ ሁለቱንም ጎን ይዘው በትንሽ በትንሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት። የሰው ድምፅ ጠርቶ ከግንባር ፊት ሲቆም እዚያው ላይ ያቁሙ፤ የማስተካከያውን ደረጃ በግራም በቀኝም ቆጥረው ያስታውሱት።

ክንፍ ያለው ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻ አይክፈቱት። ክንፉ በተከፈተ ቁጥር መድረኩ (ድምፁ የተዘረጋ የሚመስልበት ቦታ) ይሰፋል፤ ነገር ግን ከድራይቨሩ ፊትና ጀርባ የሚወጣው የአየር ግፊት እርስ በርሱ ይጠፋፋና ቤዙ ይሳሳል። ከዝግ ጀምረው ጥቂት ጥቂት ይክፈቱ። መሀል ላይ የነበረው ዘፋኝ ሲደበዝዝና ግራና ቀኙ ለየብቻ ሲቀር አልፈውታል ማለት ነው፤ ትንሽ ይመልሱት።

ሻሽ፣ ሂጃብ፣ ነጠላ ወይም የሹራብ ኮፍያ ከጆሮና ከድራይቨሩ መሀል ሲገባ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል። ፓድ (ጆሮ ዙሪያ የሚያርፍ ልስልስ ክፍል) ባለው ሄድፎን ላይ ደግሞ ክፍተት ፈጥሮ ቤዙንም ያፈስሳል። ቤት ውስጥ ሲያዳምጡ ጨርቁን ከጆሮ ጀርባ ቢያሳልፉት ይሻላል። የማይቻል ከሆነ ስስ ጨርቅ በአንድ ድርብ ብቻ ይሁን፤ ሁልጊዜም ያው ጨርቅ ይሁን፤ አለበለዚያ በየቀኑ ሌላ ሄድፎን እንደማዳመጥ ነው። ወፍራም የመነፅር ዘንግም እንዲሁ ነው። ትራስ ወይም ግድግዳ ላይ ተደግፎ ማዳመጥም አይመከርም፤ ክፍት ሄድፎን ጀርባው ሲሸፈን ድምፁ ይለወጣል።

አቀማመጡ ልክ መሆኑን የሚፈትሹበት ቀላል ዘዴ አለ። አብዛኞቹ ስልኮች በቅንብራቸው፣ ተደራሽነት በሚለው ክፍል ውስጥ፣ ሞኖ ድምፅ የሚል ምርጫ አላቸው። ያንን አብርተው ንግግር ያጫውቱ። ድምፁ ልክ መሀል ላይ፣ እንደ አንድ ነጥብ ጠቦ መምጣት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሄድፎኑን ገልብጠው ግራውን በቀኝ ያድርጉት። ዝንባሌው ጎን ከቀየረ ችግሩ የሄድፎኑ ወይም የመሣሪያው ነው፤ ካልቀየረ ግን የአቀማመጥዎ ወይም የጆሮዎ ነው። ሲጨርሱ ሞኖውን ማጥፋት አይርሱ።

ቤዝ ሲጎድል ድምፅ መጨመር

ጆሮ አካባቢ ያልታሸገ ድራይቨር ከ60 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እንደ ታሸገ ሄድፎን አይገፋም፤ ይህ የአሠራሩ ጠባይ ነው። ድምፅ ሲጨምሩ ቤዙ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነው የሚጨምረው፤ ጆሮን የሚጎዳው ደግሞ አጠቃላዩ መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው መጠን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5 ብቻ ይቀራል። ከፊትና ከርቀት የሚሰማ ድምፅ «ገና አልጮኸም» የሚል ስሜት ስለሚሰጥ እዚህ ላይ መታለል ቀላል ነው።

ከድሮ ሄድፎንዎ ጋር ሲያነጻጽሩም መጠኑን ያስተካክሉ። አንድ የተቀዳ ንግግር በሁለቱም ላይ ያጫውቱና የሰውየው ድምፅ እኩል እስኪሰማዎ ድረስ አስተካክለው የማስተካከያውን ቦታ ይመዝግቡ። በአንድ ዴሲቤል እንኳ ከፍ ያለው ብዙ ጊዜ «የተሻለ» ይመስላል።

የኦም ቁጥርን ብቻ አይቶ አምፕሊፋየር መምረጥ

«300 ኦም ከሆነ ከባድ ነው፣ 120 ከሆነ ቀላል» የሚለው አባባል በጣም ተለምዷል፤ ስህተትም ነው። ኦም ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መለኪያ ብቻ ነው። ኤችዲ 800 300 ኦም ሆኖ በ1 ቮልት 102 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። ኬ1000 120 ኦም ሆኖ በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው 74 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስልክዎ 1 ቮልት ቢያወጣ ኬ1000 ላይ የሚደርሰው 8 ሚሊዋት ያህል ነው፤ ይህም 83 ዴሲቤል ገደማ፣ ያውም ከፍተኛው ጣሪያ ነው። የሙዚቃው አማካይ መጠን ከጣሪያው ብዙ ዝቅ ስለሚል ድምፁ ድክም ያለ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሄድፎን የስፒከር አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ኤስአር1ኤም እንዲሁ ነው፤ ሪባኑ ከአንድ ኦም በጣም ስለሚያንስ አብሮት በሚመጣው መገናኛ ሳጥን በኩል ካልሆነ በቀጥታ የስፒከር አምፕሊፋየር ላይ አይሰካም።

ሄድፎንን ከስፒከር አምፕሊፋየር ጋር ሲያገናኙ ድምፁን ዜሮ ላይ አድርገው ይጀምሩ። የግራና የቀኝ አሉታዊ ገመዶችን አንድ ላይ አያገናኙ፤ አንዳንድ አምፕሊፋየሮች በዚህ ይቃጠላሉ። መብራት ሲሄድ ወዲያው ሄድፎኑን ይንቀሉ፣ አምፕሊፋየሩንም ያጥፉ። መብራቱ ሲመለስ በገመዱ የሚያልፈው ምት ስስ ድራይቨርን ሊበጥስ ይችላል፤ ጆሮ ላይ ካለም ክፉ ነው።

በየአሥር ደቂቃው ወደ ድሮው መመለስ

እ.ኤ.አ. በ1998 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የሰዎችን ውጪያዊ ጆሮ ቅርፅ በልኬት በተሠራ መሙያ ቀይረው ነበር። ሰዎቹ በመጀመሪያ ድምፅ ከላይ ይምጣ ከታች መለየት አቃታቸው፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ለመዱት። መሙያው ሲወጣ የቀድሞ ችሎታቸው እንዳለ ነበር። ጥናቱ በሄድፎን የተደረገ ባይሆንም ለእኛ ሁለት ነገር ያስረዳል፤ አንጎል አዲስ የድምፅ ካርታ ይማራል፣ አዲሱን ሲማርም የድሮውን አያጠፋም። ስለዚህ «ጆሮዬ ይበላሻል» ብሎ መፍራት አያስፈልግም።

የድሮውን ሄድፎን ለሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ያስገቡት። በቀን ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ በደንብ የሚያውቋቸውን አምስት ስድስት ዘፈኖች ብቻ ያዳምጡ። ከዚያ አንድ ጊዜ ወደ ድሮው ተመልሰው ይስሙ። ፍርድዎን ያኔ ይስጡ፤ ያኔም ካልወደዱት ይሽጡት፣ ጥፋት የለውም።

የሚጠብቁትንም ልክ ያስገቡት። ራስዎን ሲያዞሩ ስፒከር ባለበት ይቀራል፤ ሄድፎን ግን አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ድምፁ ከግንባር ፊት ጥቂት ርቆ ቢቆም ጥሩ ነው፤ ሦስት ሜትር ርቆ ይቆማል ብለው አይጠብቁ። ዓይን ጆሮን ይረዳል፤ ሁለት የጠፉ ስፒከሮችን ፊት ለፊት ግራና ቀኝ አስቀምጦ እያዩ ማዳመጥ ድምፁ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያግዛል።

ማስፋፊያ በማስፋፊያ ላይ መደረብ

ስልክ ላይ ዶልቢ አትሞስ ወይም ሌላ ድምፅ ማስፋፊያ ከበራ ያጥፉት። ሄድፎኑ የሠራውን ሥራ እንደገና ይሠራዋል፤ ውጤቱ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተዘፈነ የሚመስል ድምፅ ነው።

ክሮስፊድ የተለየ ነው። በስፒከር ሲያዳምጡ የግራው ድምፅ ለቀኝ ጆሮም ይደርሳል፤ ከግማሽ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ዘግይቶ፣ ቀጭኑ ድምፅ በጭንቅላት ተከልሎ። ሄድፎን ላይ ይህ የለም። ክሮስፊድ የሚባለው ማስተካከያ ይህንኑ ይመስላል፤ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ አለ። መነሻ ቢፈልጉ 700 ሄርዝና 4.5 ዴሲቤል ጥሩ ነው። ያለ እሱ ሁለቱን ሳምንት ከጨረሱ በኋላ ብቻ ይሞክሩት።

በማይሆን ቅጂና በማይሆን ሰዓት መፍረድ

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የተቀዱ ብዙ ዘፈኖች ሞኖ ናቸው። እነሱ ላይ መድረኩ ጠበበ ብሎ ሄድፎኑን መውቀስ አይገባም፤ በቅጂው ውስጥ ስፋት የለም። በገና ሲያዳምጡም ይጠንቀቁ። የበገና ጅማት ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ላይ እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ አለ፤ ያን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። በተለመደው ሄድፎን ተድበስብሶ የነበረው ንዝረት እዚህ ሲጎላ «ድራይቨሩ ተቀደደ» የሚሉ አሉ። መሣሪያው እንዲያ ነው የሚናገረው። ለማረጋገጥ ያንኑ ቦታ ድምፁን በጣም ቀንሰው ይስሙት፤ ንዝረቱ አብሮ ካነሰ የበገናው ነው፤ ጠንከር ያለ ቤዝ ሲመጣ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ድራይቨሩን ያስፈትሹ።

ክፍት ሄድፎን የውጭ ጫጫታን አያግድም። ጅማ ደግሞ ዝናቧ ረጅም ነው፤ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ስሱን ድምፅ ሁሉ ይሸፍናል። መርካቶ ወይም ሄርማታ መንገድ ዳር ያለ ቤት ውስጥ ባጃጁም አለ። ዝናብ እየጣለ ድምፅ ጨምሮ ከመታገል ይልቅ ዝናቡ ሲያባራ፣ ማታ ዘግይቶ ወይም ንጋት ላይ ቢያዳምጡ ይሻላል። ድምፁ ወደ ውጭም ይወጣል፤ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ አራትና ስድስት ሆነው በሚኖሩበት ክፍል ውስጥ ይህ ሄድፎን አይሆንም።

ኢኩላይዘርን እንደ ልብ መግፋት

እዚህ ከደረሱ በኋላም ቤዙ ካነሰዎ ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን 3 ዴሲቤል ብቻ ያንሱ፤ አጠቃላዩን መጠን ደግሞ በዚያው 3 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ድምፁ ይቆረጣል። 6 ዴሲቤል ማንሳት ከአምፕሊፋየሩ አራት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፤ ድራይቨሩንም በእጥፍ ያንቀሳቅሰዋል። «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ድራይቨሩ ጫፍ እየነካ ነው፤ ወዲያው ይቀንሱ።

እርጥበትን መናቅ

የጅማ አየር እርጥብ ነው፤ የጨርቅ ፓድ በክረምት ሻጋታ ይይዛል። ካዳመጡ በኋላ ፓዱ አየር እስኪያገኝና እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ጫማና ቦርሳ ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጥቂት ጨምረው ያስቀምጡት። ፓድ ሲቀይሩ ውፍረቱና ጨርቁ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሁን። ወፍራም ፓድ ድራይቨሩን ያርቃል፤ ያኔ አቀማመጡን ከመጀመሪያው መፈለግ ሊኖርብዎ ነው።